ዊንዶውስ፣ ሊነክስና ማክ በአንድ ኔትወርክ፦ ፋይል መጋራት ሲባል ምን ማለት ነው?

በአንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች ብንቆጥር ሁሉም የአንድ ቤተሰብ አባላት ሆነው አናገኛቸውም። የጸሐፊዋና የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች በዊንዶውስ ይሠራሉ፤ መጽሔትና ማስታወቂያ የሚያዘጋጀው ባለሙያ ማክ ይዟል፤ የስሌት ሥራ የሚሠራው ተመራማሪ ወይም የኔትወርክ ኃላፊው ደግሞ ሊነክስን ይመርጣል። የሰዎቹ ሥራ ግን የተሳሰረ ነው። አንዱ የጀመረውን ሪፖርት ሌላው ያርመዋል፤ ሦስተኛው ሠንጠረዥ ይጨምርበታል። በብዙ ቦታ ይህ ልውውጥ እስከ ዛሬ የሚካሄደው በፍላሽ ዲስክ ነው። ፍላሹ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ከፋይሉ ጋር ቫይረሱም አብሮ ይዞራል፤ ሳምንት ሳይሞላ የአንድ ሪፖርት አራት ቅጂዎች በአራት ኮምፒውተሮች ላይ ተቀምጠው የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ግማሽ በዚህ መንገድ ያጣ ተማሪ ያላየ መምህር ያለ አይመስለንም።

መፍትሔው ፋይሉን በአንድ ቦታ አስቀምጦ ሁሉም በኔትወርክ እንዲደርሱበት ማድረግ መሆኑን አብዛኛው አንባቢ ያውቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ከዚህ ጀርባ ያለውን አንድ እንቆቅልሽ ነው። ሊነክስ ከሚሠራበት ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩን ፈትተን ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ብናስገባው ዊንዶውስ ዲስኩን ሊያነበው አይችልም፤ እንዲያውም ያልተዘጋጀ ዲስክ መስሎት ፎርማት እንዲደረግ ሐሳብ ያቀርባል። ያንኑ ዲስክ ከቦታው ሳናነቃንቅ በኔትወርክ ገመድ በኩል ብንጠይቀው ግን ያው ዊንዶውስ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ያሳየናል፤ ይከፍታቸዋል፤ ያርማቸዋል። ዲስኩ ያው ዲስክ፣ ቢቶቹም እነዚያው ቢቶች ናቸው። ታዲያ ቀጭኑ ገመድ ምን ጨመረ?

መደርደሪያውና መዝገብ ቤቱ

ሃርድ ዲስክ በራሱ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ተራ ቁጥር የተሰጣቸውን፣ አብዛኛውን ጊዜ 512 ወይም 4096 ባይት የሚይዙ ክፍልፋዮችን ብቻ ነው። የትኞቹ ክፍልፋዮች በየትኛው ቅደም ተከተል ተቀጣጥለው «ሪፖርት» የተባለውን ፋይል እንደሚያስገኙ፣ ፋይሉ የማን እንደሆነና መቼ እንደተጻፈ የሚወስነው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚከተለው የፋይል አደረጃጀት ነው። ይህ አደረጃጀት እንደየቤቱ ይለያያል። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤን ቲ ጋር የወጣውን ኤን ቲ ኤፍ ኤስን ይጠቀማል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሊነክስ በብዛት ኢ ኤክስ ቲ 4 የተባለውን፣ አዳዲሶቹ ማኮች ደግሞ በ2017 የወጣውን ኤ ፒ ኤፍ ኤስን ይጠቀማሉ። ሊነክስ የዊንዶውስን አደረጃጀት ማንበብም መጻፍም ይችላል፤ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም፤ ዊንዶውስ ግን ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት በስተቀር የሁለቱንም አያውቅም።

ፍላሽ ዲስክ በሦስቱም ላይ የሚሠራው ሦስቱም የሚያውቁት አንድ ያረጀ አደረጃጀት ስላለ ነው፤ ፋት 32 ይባላል። ይህ አደረጃጀት የአንድን ፋይል መጠን የሚጽፈው በ32 ቢት ነው። ስለዚህ ከ4,294,967,295 ባይት የበለጠ ፋይል ሊያስቀምጥ አይችልም፤ ቦታ ስለጠፋ ሳይሆን ቁጥሩን የሚጽፍበት መስመር ስላለቀ ነው። ስምንት ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ፍላሽ አምስት ጊጋባይት ፊልም አልቀበልም ሲል የሚገረሙ ሁሉ የሚገረሙት በዚህ ነው። በተጨማሪም ፋት 32 ፋይሉ የማን እንደሆነና ማን ሊያየው እንደሚገባ የሚመዘግብበት ቦታ የለውም። እጅ ያለው ሁሉ ያነበዋል።

አሁን ወደ ኔትወርኩ እንመለስ። የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ምን እንደሚመስል አንባቢ ያውቃል። ባለጉዳዩ በመስኮቱ በኩል «የእገሌን ፋይል አውጡልኝ» ይላል እንጂ ራሱ ገብቶ መደርደሪያውን አያገላብጥም። መዝገቦቹ በፊደል ተራ ይደርደሩ፣ በቁጥር ወይም በዓመተ ምሕረት ይለዩ፣ እርሱን አያገባውም። አደረጃጀቱን የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ካወቀው ይበቃል። በኔትወርክ ፋይል ስንጋራም የሚሆነው በትክክል ይኸው ነው። ዊንዶውሱ የሊነክሱን ዲስክ አላየውም፤ ወደፊትም አያየውም። ያደረገው ነገር ቢኖር በመስኮቱ በኩል መጠየቅ ነው፦ «በዚህ ማህደር ውስጥ ያሉትን ስሞች ንገረኝ»፣ «ይህን ፋይል ክፈትልኝ»፣ «ከ8,192ኛው ባይት ጀምረህ 4,096 ባይት ስጠኝ»፣ «ጨርሻለሁ፣ ዝጋው»። ሊነክሱ ጥያቄውን ተቀብሎ ዲስኩን በራሱ አደረጃጀት ያነብባል፤ መልሱን ብቻ ይልካል። በሌላ አነጋገር በኔትወርክ የምንጋራው ዲስኩን ሳይሆን ጥያቄና መልስን ነው። ስለዚህም ሁለቱ ኮምፒውተሮች መስማማት ያለባቸው በመደርደሪያው አሠራር ሳይሆን በመስኮቱ ላይ በሚነገረው ቋንቋ ነው። ይህን ቋንቋ ፕሮቶኮል እንለዋለን።

ፕሮቶኮሉ ምንም ነገር ለግምት ሊተው አይገባም። ለምሳሌ 1000 የሚለውን ቁጥር በሁለት ባይት ስንጽፈው 3 እና 232 ይሆናል፤ 3 ጊዜ 256 ሲደመር 232 አንድ ሺህ ነውና። ነገር ግን በገመዱ ላይ ቀድሞ የሚሄደው 3 ነው ወይስ 232? ላኪው በአንዱ ተቀባዩ በሌላው ተራ ቢሄዱ አንድ ሺህ የነበረው ቁጥር 59,395 ሆኖ ይነበባል። ቀጥሎ የምንመለከተው የዊንዶውስ ፕሮቶኮል ትንሹን ባይት ያስቀድማል፤ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ1984 ለዩኒክስ ኮምፒውተሮች ያወጣው ኤን ኤፍ ኤስ ደግሞ ትልቁን ያስቀድማል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስሕተት የሚሆነው አለመነጋገር ነው።

ሳይነግሩት ቋንቋ የተማረው ሰው

ዛሬ በአብዛኛው መሥሪያ ቤት የሚነገረው ፕሮቶኮል ኤስ ኤም ቢ ይባላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ባሪ ፋይገንባም በተባለ ባለሙያ ተነደፈ፤ በኋላ ማይክሮሶፍት ወስዶ አሳደገው፤ ከዊንዶውስም ጋር በዓለም ተሰራጨ። ሰን ኤን ኤፍ ኤስን ማንም አንብቦ እንዲሠራበት በጽሑፍ ሲያሳትም የኤስ ኤም ቢ ሙሉ ዝርዝር ግን ለረጅም ጊዜ በባለቤቱ እጅ ቆየ። ከዚህ የተነሣ ዊንዶውስ ካለው ኮምፒውተር ጋር መነጋገር የሚፈልግ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሳይሰጡት ቋንቋ እንደሚማር ሰው ነበር።

ይህን ያደረገው አንድሪው ትሪጀል ነው። ትሪጀል በ1991 መጨረሻ በካንቤራ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። በእጁ ካለው ፒሲ ወደ ዩኒክስ ኮምፒውተሩ ፋይል ማገናኘት ፈለገ። ሁለት ኮምፒውተሮች በገመድ ሲነጋገሩ በመካከላቸው የሚያልፈውን ሁሉ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ተጠቅሞ የተላከውን ጥያቄና የተመለሰውን መልስ ባይት በባይት መዘገበ። ከዚያም ተመሳሳይ መልስ የሚሰጥ ሰርቨር ራሱ ጻፈ። ዘዴውን ሲያስረዳ የሚጠቀምበት ምሳሌ የታወቀ ነው፦ ፈረንሳይኛ መማር የፈለገ፣ መጽሐፍም መምህርም ያላገኘ ሰው አንድ የፈረንሳይ ቡና ቤት ገብቶ ይቀመጣል፤ ደንበኛው ለአስተናጋጁ የተናገረውንና በጠረጴዛው ላይ የቀረበውን ነገር አንድ ላይ ይጽፋል፤ ውሎ አድሮ ዳቦና ቡና ምን እንደሚባሉ ይለያል።

ለፊዚክስ ተማሪ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። የተፈጥሮን የአሠራር መመሪያ አሳትሞ የሰጠን የለም። ኬፕለር የማርስን ሕግ ያገኘው ታይኮ ብራሄ የመዘገባቸውን የቦታ ቁጥሮች አንድ በአንድ በማመሳከር ነው። ማዳመጥ ብቻውን ግን ወሰን አለው፤ በቡና ቤቱ ውስጥ ማንም ያላዘዘው ምግብ ስሙ አይታወቅም። የትሪጀልና የባልደረቦቹ ቡድን በኋላ ያደረገው ይህን ወሰን ማለፍ ነበር። ለዊንዶውስ ሰርቨር ሊኖሩ የሚችሉ ትእዛዞችን ሁሉ በተራ እየላኩ የትኛው መልስ እንደሚሰጥና የትኛው «አላውቀውም» እንደሚባል የሚመዘግቡ ፕሮግራሞች ጻፉ። በእኛ አነጋገር ከሥነ ፈለክ ወደ ቤተ ሙከራ ተሻገሩ ማለት ነው።

የፕሮግራሙ ስም አመጣጥም ለጨዋታ ያህል ቢነሣ አይከፋም። መጀመሪያ የተሰጠውን ስም ሌላ ኩባንያ በንግድ ምልክትነት ይዞት ስለነበር ትሪጀል በኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ኤስ፣ ኤም እና ቢ የተባሉት ፊደላት በቅደም ተከተል የሚገኙባቸውን ቃላት ፈለገ። ከተገኙት ጥቂት ቃላት መካከል የብራዚል ጭፈራ ስም ይገኝበት ነበር፤ ሳምባ። ፕሮግራሙ እስከ ዛሬ በዚሁ ይጠራል፤ ምንጩ ክፍት ነው፤ ገንዘብም አይጠየቅበትም።

የቋንቋው ባለቤትነት ጉዳይ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ደረሰ። የአውሮፓ ኮሚሽን በመጋቢት ወር 2004 በማይክሮሶፍት ላይ 497 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ሲጥል ሌሎች ሰርቨሮች ከዊንዶውስ ጋር ለመነጋገር የሚያስፈልጋቸውን መረጃ እንዲገልጽም አዘዘ። ኩባንያው ይግባኝ ብሎ በመስከረም 2007 ተረታ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የሳምባ ቡድን የፕሮቶኮሉን ሰነዶች በአንድ ጊዜ ክፍያ በ10,000 ዩሮ ማግኘት ቻለ፤ ከ2008 ጀምሮም ማይክሮሶፍት እነዚህን ሰነዶች በይፋ ማውጣት ያዘ። ከዚያ ወዲህ ቋንቋው የጋራ ሆኗል። አፕል ለብዙ ዓመታት ኤ ኤፍ ፒ የተባለ የራሱ ፕሮቶኮል ነበረው፤ በ2013 ግን ኤስ ኤም ቢን ቀዳሚ ምርጫው አደረገ። ስለዚህ ሦስቱን ዓይነት ኮምፒውተሮች የሚያገናኝ መሥሪያ ቤት ዛሬ ብዙ ማሰብ አይጠበቅበትም፤ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊነክስና ሳምባን ጭኖ ሁሉንም በኤስ ኤም ቢ ማገናኘት በቂ ነው። ማኩም ዊንዶውሱም ተጨማሪ ፕሮግራም አይጠይቁም።

ገመዱ ፈጣን፣ ማህደሩ ቀርፋፋ

አንድ ቅሬታ ብዙ ጊዜ ይሰማል፦ «አንድ ትልቅ ፋይል በፍጥነት ይገለበጣል፤ አንድ ሺህ ትናንሽ ፋይሎች ግን ቀን ሙሉ ይፈጃሉ»። ምክንያቱ መስኮቱ ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ኔትወርክ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት በሴኮንድ ያደርሳል፤ አራት ጊጋባይቱ ፋይል ወደ ስድስት ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ትናንሾቹ ፋይሎች ግን እያንዳንዳቸው መከፈት፣ መነበብና መዘጋት አለባቸው። በየጥያቄው ደርሶ መልሱ ግማሽ ሚሊሴኮንድ ብቻ ቢሆንና ለአንድ ፋይል አራት ጥያቄ ቢያስፈልግ አንድ ሺህ ፋይል ሁለት ሴኮንድ ነው። ያው ሥራ ከቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት፣ ደርሶ መልሱ 50 ሚሊሴኮንድ በሆነበት መሥመር ቢሞከር ግን 200 ሴኮንድ ያለምንም ሥራ በመጠባበቅ ብቻ ያልፋል። ወፍራም ገመድ መግዛት ይህን አያሳጥረውም፤ የሚያሳጥረው የጥያቄውን ብዛት መቀነስ ነው። በ2006 መጨረሻ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የወጣው ሁለተኛው ኤስ ኤም ቢ ከመቶ በላይ የነበሩትን የትእዛዝ ዓይነቶች ወደ 19 ያወረደውና ብዙ ጥያቄዎች በአንድ ጉዞ እንዲላኩ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ሰነዶችን ወደ አንድ የታመቀ ፋይል ጠቅልሎ መላክም ያንኑ ጥቅም ይሰጣል።

ስምና ፊደል

ችግሩ በአብዛኛው የሚነሣው ቋንቋው ባልደረሰበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የፋይል ስም ነው። ለሊነክስ በአቢይ ፊደል የተጀመረ ስምና በንኡስ ፊደል የተጀመረ ስም ሁለት ፋይሎች ናቸው፤ ለዊንዶውስና ለተለመደው የማክ አቀማመጥ ግን አንድ ነው። በላቲን ፊደል ስም የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ይህን ማወቅ አለበት። የግዕዝ ፊደል አቢይና ንኡስ ስለሌለው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ይሁን እንጂ የራሳችን ጣጣ አለን። ለእኛ ሰላም በእሳቱ ሰ ቢጻፍ በንጉሡ ሠ ያው ሰላም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሰ 4656፣ ሠ ደግሞ 4640 የተባሉ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። «ስራ» እና «ሥራ»፣ «ሀሳብ» እና «ሐሳብ» ጎን ለጎን ሁለት ማህደሮች ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዷ ጸሐፊ በአንዱ፣ ሌላዋ በሌላው ስታስቀምጥ ትከርማለች። በዚህ ረገድ ሦስቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በእኩል ደረጃ አማርኛ አያውቁም፤ መሥሪያ ቤቱ አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያ መጽናት አለበት።

እዚህ ላይ አንባቢ ከኋላ ያለውን ታሪክ ቢያስታውስ ይጠቅማል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከ4608 እስከ 4991 ያሉት ቁጥሮች ተሰጡት። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በአማርኛ የምንጽፈው ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ የግዕዝን ቅርጽ በሚስሉ ሶፍትዌሮች ነበር። እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አደራደር ስለነበረው ባንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደል ዝርክርክ ይሆን ነበር። ፋይሉ በኔትወርኩ አልፎ በሰላም ደርሷል፤ አንድም ቢት አልጎደለም፤ ሊነበብ ግን አይችልም። በየመሥሪያ ቤቱ ካሉት የቆዩ ሰነዶች ብዙዎቹ ዛሬም በዚሁ ሁኔታ ይገኛሉ፤ ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጡ በቆዩ ቁጥር የሚያነባቸው ኮምፒውተር እየጠፋ ይሄዳል።

በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍም ቢሆን ተቀባዩ የአጻጻፉን ስልት ካልገመተ ይሳሳታል። ዩ ቲ ኤፍ 8 በተባለው ስልት «ሀ» በሦስት ባይት ይጻፋል፦ 225፣ 136፣ 128። ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም አሮጌውን የምዕራብ አውሮፓ ስልት የሚከተል ከሆነ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ሦስት ፊደል አድርጎ ያነባቸዋል፦ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ፣ ቆብ የሚመስል ምልክትና የዩሮ ገንዘብ ምልክት። በአማርኛ ጽሑፍ ፈንታ የዩሮ ምልክት የተዘራበት ገጽ ያየ አንባቢ ፋይሉ እንዳልተበላሸ ከአሁን ወዲያ ይወቅ።

ከዚሁ ሦስት ባይት የሚመነጭ፣ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ሌላ እንቅፋት አለ። ዊንዶውስ የአንድን ፋይል ስም እስከ 255 ፊደል ይፈቅዳል። የሊነክሱ ኢ ኤክስ ቲ 4 ግን የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። ለእንግሊዝኛ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለእኛ ግን 255 ለ3 ሲካፈል 85 ፊደል ብቻ ይተርፋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሙሉ ርእስ የፋይል ስም ያደረገ ተማሪ በራሱ ዊንዶውስ ላይ ያለችግር አስቀምጦት ወደ ጋራው ማህደር ሲልከው እምቢ ይባላል፤ የስሕተት መልእክቱም ብዙ ጊዜ እውነተኛውን ምክንያት አይናገርም። መድኃኒቱ ስሙን ማሳጠር ነው። እንዲሁም ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የላቲኑን ኮለን፣ የጥያቄ ምልክትና ሰያፍ ሰረዝ አይቀበልም። የግዕዙ ሁለት ነጥብ ግን የራሱ ቁጥር ስላለው አይከለከልም፤ ለዓይን ይመሳሰላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ሰዓት

ጊዜን በተመለከተ ሦስቱም ቤቶች የየራሳቸው ዘመን አላቸው። ዊንዶውስ ከጥር 1 ቀን 1601 ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ የሴኮንድ አንድ አሥር ሚሊዮንኛ በሆነ አሐድ ይቆጥራል፤ ሊነክስ ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሴኮንድ ይቆጥራል፤ የድሮው ማክ ደግሞ ከ1904 ይነሣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መነሻዎች መካከል 134,774 ቀናት፣ ማለትም 11,644,473,600 ሴኮንዶች አሉ፤ ሳምባ ስለ አንድ ፋይል በተጠየቀ ቁጥር ይህን ቁጥር ይደምራል። ባለ ሁለት የዘመን አቆጣጠር አገር ውስጥ ለምንኖር ለእኛ ይህ ሊገርመን አይገባም። የዘመኑ ልዩነት የታወቀ ስለሆነ ችግር አያመጣም። ችግር የሚያመጣው የሰዓቱ መሳሳት ነው። የይለፍ ቃል በማዕከል የሚቆጣጠርበት መሥሪያ ቤት ውስጥ የደንበኛውና የሰርቨሩ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያየ እንደ ተለመደው አሠራር መግባት አይፈቀድም፤ አሮጌ የመግቢያ ማስረጃ ሰርቆ እንደገና የሚያቀርብ እንዳይኖር ነው። የእናት ሰሌዳው ባትሪ የሞተበት ኮምፒውተር በየጠዋቱ ዘመኑን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉ የተረሳ መስሎት ይጨነቃል፤ የሚያስፈልገው ግን አንዲት ትንሽ ባትሪ ናት።

ሁለት ሰው አንድ መዝገብ ሲፈልግ

በመዝገብ ቤት አንድ ፋይል ወጥቶ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ካለ ሌላው ይጠብቃል። ኤስ ኤም ቢም እንዲሁ ያደርጋል፤ አንዱ ለመጻፍ የከፈተውን ሰነድ ሁለተኛው ለማንበብ ብቻ እንዲከፍተው ይፈቅዳል። ይህ ደንብ ባይኖር ኋላ ያስቀመጠው የፊተኛውን እርማት ሳያውቅ ይደመስሰዋል። ልዩነቱ ያለው ዊንዶውስ ቁልፉን አስገዳጅ፣ ዩኒክስና ሊነክስ ደግሞ በልማድ ምክር አድርገው መያዛቸው ላይ ነው። በመስኮቱ በኩል የሚመጡትን ሁሉ ሳምባ ይቆጣጠራቸዋል፤ በሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ተቀምጦ ፋይሉን የሚያርም ሰው ግን በጓሮ በር የገባ ያህል ነው። ስለዚህ የፋይል ሰርቨር የሆነ ኮምፒውተር የሰው የሥራ ጠረጴዛ መሆን የለበትም።

መዝገቡን ወስዶ ለብቻው የሚሠራ ሰው ደግሞ በየገጹ ወደ መስኮቱ ቢመላለስ ጊዜ ያባክናል። ስለዚህ ሰርቨሩ «ሌላ ፈላጊ የለም፤ ቅጂውን በራስህ ዘንድ አቆይተህ ሥራ» ብሎ ይፈቅድለታል። ሌላ ፈላጊ በመጣ ጊዜ ሰርቨሩ ለመጀመሪያው መልእክተኛ ይልካል፤ እርሱም የጻፈውን ሁሉ አስረክቦ ፈቃዱን ይመልሳል። መብራት በዚች ቅጽበት ቢጠፋ ያልተረከበው ጽሑፍ ይጠፋል። የጋራ ማህደር የመጠባበቂያ ቅጂን አያስቀርም የምንለው በዚህና በሌሎች ምክንያቶች ነው።

የቤተ ሙከራው አሮጌ ኮምፒውተር

በመጨረሻ የጸጥታ ጉዳይ ይመጣል፤ ይህም በተለይ የሳይንስ ተማሪዎችን ይመለከታል። በግንቦት 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለ ፕሮግራም በአንደኛው ኤስ ኤም ቢ ውስጥ በነበረ ክፍተት እየገባ ከ150 በሚበልጡ አገሮች የኮምፒውተሮችን ፋይሎች ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕሙማንን ወደ ሌላ እስከ መላክ ደረሱ። ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት፣ መጋቢት 14 ቀን ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዳዲሶቹ ዊንዶውሶችና ሳምባ አንደኛውን ኤስ ኤም ቢ ካልታዘዙ በስተቀር አይናገሩም፤ በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ደግሞ እያንዳንዱ መልእክት በምስጢራዊ ፊርማ እንዲረጋገጥ እስከ መጠየቅ ሄዷል። ትናንት ሲሠራ የነበረ የጋራ ማህደር ከማሻሻያ በኋላ በድንገት «አይገኝም» ሲባል መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። መፍትሔውም ሰርቨሩን ማሳደስ እንጂ የአዲሱን ዊንዶውስ በር መልሶ መክፈት አይደለም፤ ይህን ምክር በተቃራኒው የሚሰጡ ባለሙያዎች መኖራቸውን እናውቃለን፤ አንስማማም።

ማሳደስ የማይቻልበት አንድ ሁኔታ ግን አለ። በብዙ ቤተ ሙከራዎች የብርሃን ስፔክትረም የሚለካው ወይም የራጅ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር በዊንዶውስ ኤክስ ፒ ይሠራል። የመሣሪያው ፕሮግራም በአዲስ ዊንዶውስ ላይ አይሄድም፤ መሣሪያውን መለወጥ ደግሞ ከአንድ ትምህርት ክፍል የዓመት በጀት በላይ ሊሆን ይችላል። ኤክስ ፒ ከሚያዝያ 8 ቀን 2014 ወዲህ ድጋፍ የለውም፤ የሚያውቀውም አንደኛውን ኤስ ኤም ቢ ብቻ ነው። ከኔትወርክ ነቅለን በፍላሽ ብናመላልስ ቫይረሱን በእጃችን እናስገባለን፤ ብናገናኘው ደግሞ ለሌላው ሁሉ ክፍት በር ይሆናል።

እኛ የምንመክረው በመካከል ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው አንድ ርካሽ የሊነክስ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ነው። በአንዱ ካርድ ከኤክስ ፒው ጋር ብቻ በአጭር ገመድ ይገናኛል፤ በሌላው ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ጋር። በሁለቱ መካከል ምንም ፓኬት እንዳያልፍ ይዘጋል። ሊነክሱ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ ሄዶ አዳዲሶቹን የልኬት ፋይሎች በአሮጌው ቋንቋ ጠይቆ ያመጣል፤ ከዚያም በሳምባ በኩል በአዲሱ ቋንቋ፣ ለማንበብ ብቻ በሚፈቀድ ማህደር ያቀርባቸዋል። ተማሪው ማክም ይያዝ ዊንዶውስ ውጤቱን ከጠረጴዛው ሳይነሣ ያያል፤ ወደ ኤክስ ፒው የሚወስድ መንገድ ግን የለውም።

በዚህ አሠራር አንድ ነገር ብቻ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በልኬቱ ፋይል ላይ የሚጻፈው ሰዓት የኤክስ ፒው ሰዓት ነው፤ ከውጭ ዓለም የተነጠለ ኮምፒውተር ደግሞ የሚያርመው የለም። የተለመደ የኳርትዝ ሰዓት ከአንድ ሚሊዮን 20 ክፍል ያህል ቢሳሳት በቀን 1.7 ሴኮንድ፣ በወር ከ50 ሴኮንድ በላይ፣ በዓመት አሥር ደቂቃ ገደማ ይዛባል። የሁለት መሣሪያዎችን ልኬት በሰዓት ለሚያዛምድ ተማሪ ይህ ትንሽ አይደለም። በመካከል ያለው ሊነክስ ሰዓቱን ከዋናው ኔትወርክ ተቀብሎ ለኤክስ ፒው በዚያችው አጭር ገመድ እንዲነግረው ማድረግ ይቻላል፤ ኤክስ ፒም ይህን መቀበል ያውቃል።